ልጃችሁ ከአሜሪካ ደውላ «ባንክራፕሲ ልገባ ነው» ብትላችሁ

እኛ አገር «ከሰረ» ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው የታወቀ ነው፤ የታሸገ ሱቅ፣ ጋዜጣ ላይ የወጣ የሐራጅ ማስታወቂያ፣ በሌሊት ሰፈር የለቀቀ ቤተሰብ። ሕጋችንም ኪሳራን የሚያውቀው በዋናነት ለነጋዴ ነው። የ1952ቱ የንግድ ሕግም ሆነ በ2013 ዓ.ም. የተተካው አዲሱ፣ ስለ ኪሳራ ሲያወሩ የሚያስቡት ነጋዴንና የንግድ ማኅበርን ነው። ደመወዝተኛ ዕዳ ሲበዛበት ወደ ዘመድ፣ ወደ ሽማግሌ፣ የባሰበት ደግሞ ወደ አራጣ አበዳሪ ይሄዳል። ስለዚህ አሜሪካ ያለች ልጅ ደውላ «ባንክራፕሲ ልገባ ነው» ስትል እናት የምትሰማው «ተዋረድኩ» ወይም «ልታሰር ነው» የሚለውን ነው።

ታላቅ እህቴም የሰማችው ይህንኑ ነበር። ልጇ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የነርስ ረዳት ናት። ታማ አምስት ወር ከሥራ ቀረች፤ በዚያ ጊዜ የቤት ኪራዩንም አስቤዛውንም በአራት ክሬዲት ካርድ ስትከፍል ከርማ 31 ሺህ ዶላር ተቆለለባት። የሆስፒታሉ ሒሳብ ለብቻው 9 ሺህ ነው። እህቴ ወሬውን የሰማች ዕለት ማታ ግፊቷን ስለካት 180 በ110 ደርሷል። መድኃኒቷን ውጣ ትንሽ እንደተረጋጋች ያለችኝ «ቤቱን እንሽጠውና ይላክላት» ነው። ቤቱ ማለት ልጅቱ ከስምንት ዓመት በፊት በራሷ ስም የገዛችው፣ እህቴ አሁን የምትኖርበት ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ነው። የልጅቱ ጓደኞች ደግሞ በተቃራኒው «ቶሎ ብለሽ ቤቱን ወደ እናትሽ ስም አዙሪና ባንክራፕሲ ግቢ» ይሏታል። የዘመድና የጓደኛ የስልክ ምክር ያለ ሐኪም ትዕዛዝ እንደሚዋጥ አንቲባዮቲክ ነው፤ ለአንዱ የሠራው ሌላውን ይጥላል።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ እንጂ የሕግ ሰው አይደለሁም። ግን የሚነበበውን እያነበብኩ፣ ልጅቱም እዚያው ጠበቃ እያማከረች ሁለት ወር ያህል አብረን ስለከረምን፣ ልጅ ውጭ ላላችሁ ወላጆች የሚጠቅም ነገር ይኖረዋል ብዬ ጻፍኩት።

በመጀመሪያ ግፊት የሚያወርደውን ልናገር። በአሜሪካ የክሬዲት ካርድ ወይም የሆስፒታል ዕዳ መክፈል ያቃተው ሰው በዚህ ብቻ አይታሰርም። ባንክራፕሲ መግባት በራሱ ግሪን ካርድም ዜግነትም አያሳጣም። ወላጅም አብሮ ካልፈረመ በስተቀር የልጁን ዕዳ የሚጠየቅበት ሕግ የለም። እህቴ ይህን ስነግራት «እንግዲያው ምን ያስጨንቃታል?» አለችኝ። የሚያስጨንቃትማ ወለዱ ነው። የክሬዲት ካርድ ወለድ በዓመት ከመቶ 20 በላይ መሆኑ እዚያ የተለመደ ነው። በ24 ከመቶ ብናሰላው፣ 31 ሺህ ዶላር በወር 620 ዶላር ወለድ ይወልዳል። ልጅቱ በየወሩ 600 ዶላር ስትገፈግፍ ከዋናው ዕዳ አንድ ሳንቲም አልቀነሰችም ማለት ነው።

ባንክራፕሲ ለግለሰብ በዋናነት ሁለት መልክ አለው። «ቻፕተር 7» የሚባለው ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች ነው፤ ገቢው በሚኖሩበት ስቴት ካለው መካከለኛ ገቢ ጋር ይነጻጸራል። ማመልከቻው እንደገባ አበዳሪዎች መደወልም መክሰስም ያቆማሉ። ባለአደራ ይመደባል፤ ሕግ ከጠበቀለት በላይ ንብረት ካለ ሸጦ ለአበዳሪዎች ያከፋፍላል፤ የተረፈው ዕዳ በአራት ወር ገደማ ይሰረዛል። የክሬዲት ካርድና የሕክምና ዕዳ በዚህ መንገድ ይሄዳል። የልጅ ተቆራጭ፣ የቅርብ ዓመታት ግብር፣ አብዛኛውን ጊዜም የትምህርት ብድር አይሄድም። መዝገቡ በክሬዲት ታሪክ ላይ እስከ 10 ዓመት ይቆያል፤ ቤት ሲከራዩም መኪና በብድር ሲገዙም ይታያል። «ቻፕተር 13» ደግሞ ደመወዝ ላለው ሰው ነው፤ ንብረቱን ይዞ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት በፍርድ ቤት በጸደቀ ዕቅድ ይከፍላል።

አሁን ወደ ቤቱ ጉዳይ ልምጣ፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ባንክራፕሲ የገባ ሰው ያለውን ንብረት በሙሉ ያስመዘግባል፤ የትም ዓለም ላይ ይሁን። አዲስ አበባ ያለ አፓርታማ፣ ሐዋሳ ያለ ቦታ፣ ባንክ ያለ ብር ሁሉ ይቆጠራል። ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠው ጥበቃም ባጠቃላይ ባለዕዳው ራሱ ለሚኖርበት ቤት ነው፤ እናቱ ለምትኖርበት አይደለም። «ስሙን ወደ እናትሽ አዙሪው» የሚለው ምክር ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። ፎርሙ ባለፉት ሁለት ዓመታት ለማን ምን እንዳስተላለፉ ይጠይቃል፤ ለአንድ ሰው ከ600 ዶላር በላይ የሚሆን ስጦታ እንኳ ይጻፋል። ባለአደራው ዝውውሩን ማስፈረስ ይችላል። መደበቅ ከሆነ ደግሞ እስከ አምስት ዓመት የሚያሳስር ወንጀል ነው። ያን ጊዜ ነው እንግዲህ «ልታሰር ነው» የሚለው የእናት ፍርሃት እውነት የሚሆነው። ገንዘብ ለዘመድ መመለስም ያው ነው፤ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት በነበረው አንድ ዓመት ውስጥ ለእናት ወይም ለወንድም የተከፈለ ብድር፣ ለሌሎቹ አበዳሪዎች ሲባል እንዲመለስ ሊጠየቅ ይችላል።

የእህቴ ልጅ ጉዳይም የተቀየረው በዚሁ ነው። ጠበቃዋ እንዳስረዳቻት በቻፕተር 7 ብትገባ አፓርታማው አደጋ ላይ ይወድቃል። በቻፕተር 13 ብትገባ ደግሞ አበዳሪዎቿ በቻፕተር 7 ሊያገኙ ከሚችሉት ያነሰ ልትከፍል አትችልም፤ ቤቱ ከዕዳው በላይ ስለሚያወጣ ሙሉውን መክፈሏ አይቀርም። ታዲያ ሙሉውን ከከፈለች መዝገቡን ምን ትሸከመዋለች?

ስለዚህ ሌሎቹን መንገዶች አየን። በስልክና በቴሌቪዥን «ዕዳሽን በግማሽ እናስቀንሳለን» የሚሉ ድርጅቶች አሉ። ልጅቱ አንዱን አነጋግራ ነበር፤ ለአበዳሪዎቹ መክፈል አቁሚና ገንዘቡን እኛ በምንከፍትልሽ ሒሳብ አጠራቅሚ አሏት። በመካከል ወለዱና ቅጣቱ ይጨምራል፣ ክስም ይመጣል። ቢሳካ እንኳ የተማረልሽ ዕዳ እንደ ገቢ ተቆጥሮ ግብር ሊጠየቅበት ይችላል፤ በባንክራፕሲ የተሰረዘ ዕዳ ግን ይህ የለበትም። እኔ ይህን መንገድ አልወደድኩትም። ሁሉንም ካርድ የሚጠቀልል አዲስ ብድርም አለ፤ ይሁንና ክፍያ ላጓደለ ሰው በረከሰ ወለድ የሚያበድር አይገኝም። የሚበዛው ሰው የማያውቀው ሦስተኛው ነው፤ ለትርፍ ያልቆሙ የብድር አማካሪ ድርጅቶች። ብዙዎቹ ናሽናል ፋውንዴሽን ፎር ክሬዲት ካውንስሊንግ በሚባለው ኅብረት ሥር ናቸው። ከአበዳሪዎች ጋር ተነጋግረው ወለዱን ያስቀንሳሉ፤ ባለዕዳው ለእነርሱ በወር አንድ ጊዜ ይከፍላል፤ ዕዳው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ያልቃል። ካርዶቹ ይዘጋሉ፤ የአገልግሎት ክፍያው ትንሽ ነው። ለነገሩ ባንክራፕሲ ለመግባትም አስቀድሞ ከተፈቀደለት አማካሪ ጋር መነጋገር በሕግ ግዴታ ነው።

ለእህቴ ልጅ ወለዱ በአማካይ ወደ 8 ከመቶ ወረደላት። በአምስት ዓመት ሲሰላ በወር ወደ 630 ዶላር ይመጣል፤ ቀድሞ ለወለድ ብቻ ከምትገፈግፈው ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። አሁን ግን ዕዳው ይቀንሳል። የሆስፒታሉን 9 ሺህ በተመለከተ እኔው ነኝ የወተወትኳት። ለትርፍ ያልቆሙ የአሜሪካ ሆስፒታሎች አቅም ለሌለው ታካሚ የክፍያ እርዳታ ሊኖራቸው በፌዴራል ሕግ ይገደዳሉ፤ የመጀመሪያው ቢል ከመጣ ጀምሮ እስከ 240 ቀን ማመልከት ይቻላል። የደመወዝ ወረቀቷን አያይዛ አመለከተች፤ አብዛኛው ተሰረዘላት። ይህን ሳይጠይቁ የሆስፒታል ዕዳ በክሬዲት ካርድ የሚከፍሉ ልጆች ስንት እንደሆኑ ሳስብ ይቆጨኛል።

ይህ ማለት ባንክራፕሲ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። የጎረቤታችን ልጅ ዴንቨር ታክሲ ይነዳል፤ ቤት የለው፣ ቦታ የለው፤ በአደጋ ምክንያት የሕክምናና የካርድ ዕዳው ከሁለት ዓመት ገቢው በልጧል። ለእርሱ የአማካሪ ዕቅድ በወር ከሚተርፈው ሦስት እጥፍ ያስከፍለው ነበር። አባቱ «ስማችን ይጠፋል» ብለው ሁለት ዓመት አስቆሙት፤ በሁለቱ ዓመት ዕዳው ጨመረ። በመጨረሻ በቻፕተር 7 ገባ። የፍርድ ቤት ክፍያው 338 ዶላር ነው፤ ገቢው በጣም ዝቅ ያለ ሰው እንዲታለፍለት ያመለክታል። ከባለአደራው ጋር በሚደረገው ስብሰባ አስተርጓሚ በነጻ ይሰጣል። እርሱን ያሳፈረው ባንኩ ሳይሆን ዕቁቡ ነበር፤ ቀድሞ በልቶ አሥር ዙር ይቀረዋል። የዕቁብ ዕዳም መመዝገብ አለበት፤ ዕቁብተኞቹም እንደማንኛውም አበዳሪ ናቸው። ነገር ግን ሕጉ ዕዳው ከተሰረዘ በኋላ ሰው በፈቃዱ እንዳይከፍል አይከለክልም። አሁን ለዕቁቡ በየወሩ እየከፈለ ነው፤ ለባንኮቹ አይከፍልም። አባቱ ይህን ሲሰሙ ነው እንቅልፍ የወሰዳቸው።

እንግዲህ ልጃችሁ ሲደውል ከመደንገጣችሁ በፊት ጠይቁት። ንብረት በስሙ አለ ወይ፣ እዚህም ቢሆን? ዕዳው ወለድ የሚወልድ ነው ወይስ የሆስፒታል? አብሮት የፈረመ ሰው አለ? ቻፕተር 7 ባለዕዳውን ነጻ ሲያወጣ ዋሱን አያወጣምና። ለእናንተ የሚልከውስ ከደመወዙ ነው ወይስ ከካርድ?

የመጨረሻውን ጥያቄ እህቴ ስትጠይቅ ልጅቱ ዝም አለች። በየወሩ የምትልከው 200 ዶላር ከካርድ ነበር የሚወጣው። እህቴ «ግማሹን ብቻ ላኪ፣ እኔ በጡረታዬ እደርሳለሁ» ብላታለች። ልጅቱ በጄ አላለችም፤ አሁን ከደመወዟ ቀንሳ ሙሉውን ትልካለች። በየእሑዱ በስልክ የሚጨቃጨቁት በዚህ ነው።