የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትና ሥነ ጽሑፍ፦ ከተረት ሰዓት የተወለዱ መጻሕፍት

1. መግቢያ

ስለ አማርኛ ሥነ ጽሑፍ ስንጽፍና ስናስተምር ደራሲውን፣ ድርሰቱን፣ አልፎ አልፎም ሐያሲውን እናነሣለን። አንባቢውን ግን ድሮም እንዳለ ቆጥረን እናልፈዋለን። አንባቢ ከየት ይመጣል? ማን ያፈራዋል? የሚሉትን ጥያቄዎች ለሌላ ሙያ ትተናቸዋል። በየዓመቱ አዲስ ለሚመደቡልኝ ተማሪዎች በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አንድ ጥያቄ ማቅረብ ልማዴ ነው፤ «ከቤተ መጻሕፍት ልብ ወለድ ተውሶ፣ ቤቱ ወስዶ ያነበበ ማን ነው?» እላለሁ። የሚነሡት እጆች ሁልጊዜም ጥቂት ናቸው። ቤተ መጻሕፍት የገቡት ግን ብዙዎች ናቸው፤ የገቡት የየራሳቸውን ደብተር ይዘው ለፈተና ለማጥናት ነው። ወንበሩን ተጠቅመውበታል፤ መጽሐፉን አልነኩትም።

ይህ ጽሑፍ ዘመናዊ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሚሰጣቸውን አገልግሎቶችና ለአካባቢው ነዋሪ የሚያዘጋጃቸውን ዝግጅቶች በአጭሩ ያስረዳል። በይበልጥ የሚያተኩረው ለልጆች በሚዘጋጀው የተረት ሰዓት ላይ ነው። ይህ ዝግጅት አንባቢን ብቻ ሳይሆን ሥነ ጽሑፍን ራሱን ሊያፈራ እንደሚችል ከኒው ዮርክና ከአዲስ አበባ በተወሰዱ ሁለት ታሪኮች ለማሳየት ይሞከራል።

2. የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ስንል

የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ ከብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ጋር ይምታታል። በእኛ አገር ለዚህ ታሪካዊ ምክንያት አለው። በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመውና በተለምዶ «ወመዘክር» እየተባለ የሚጠራው ተቋም ሁለቱንም ተግባር አጣምሮ ይዞ ኖሯል። ሁለቱ ተግባራት ግን በባሕርያቸው ይለያያሉ። ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በአገር ውስጥ ከሚታተመው ሁሉ ቅጂ እየተቀበለ ለመጪው ትውልድ ያኖራል። ዋና ግዴታው መጠበቅ ነው። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ግዴታ ማዳረስ ነው። በመጀመሪያው ቤት ከመቶ ዓመት በኋላ ሳይጎድል የተገኘ መጽሐፍ የሥራው ውጤት ነው፤ በሁለተኛው ቤት ደግሞ ጠርዙ ተልጦ፣ ገጹ ሳስቶ፣ በሌላ ቅጂ የተተካ መጽሐፍ ቤቱ ሥራውን በሚገባ ለመሥራቱ ምስክር ነው።

ከሁለቱ አመለካከቶች ለእኛ ይበልጥ ቅርብ የሆነው የመጀመሪያው ነው። በብራና ዘመን መጽሐፍ ከንዋየ ቅድሳት ጋር በዕቃ ቤት ተቀምጦ በቄሰ ገበዙ ይጠበቅ ነበር። በብዙ የብራና መጻሕፍት ላይ መጽሐፉን የሰረቀ ወይም ጽሕፈቱን የፋቀ እንዲወገዝ የሚያዝ ቃል ሰፍሮ ይገኛል። ይህ ተገቢ ነበር። ለአንድ መጽሐፍ የብዙ እንስሳት ቆዳ፣ የብዙ ወራት ድካም ይጠይቅ ነበርና። በማተሚያ መኪና በሺህ ቅጂ የሚወጣን ልብ ወለድ በዚያው መንፈስ መቆለፍ ግን ልማድ ከምክንያቱ በኋላም እንደሚኖር ያሳያል።

የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) እ.ኤ.አ. በ1949 ስለ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መግለጫ አውጥቶ በ1972፣ በ1994 እና በ2022 አሻሽሎታል። ከመግለጫው ሦስት መሠረታዊ ነጥቦችን ማውጣት ይቻላል። ቤቱ በዕድሜ፣ በፆታ፣ በሃይማኖት፣ በቋንቋም ሆነ በኑሮ ደረጃ ልዩነት ሳያደርግ ለሁሉም ክፍት ይሆናል፤ አገልግሎቱ በመርሕ ደረጃ በነጻ ይሰጣል፤ ወጪው ከሕዝብ ገንዘብ ይሸፈናል። ህንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ሊቅ ራንጋናታን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1931 ባሳተሟቸው አምስት የታወቁ ሕግጋት ውስጥ ሁለት ተመጋጋቢ ሐሳቦችን አስቀምጠዋል፤ ለእያንዳንዱ አንባቢ የሚሆነው መጽሐፍ፣ ለእያንዳንዱ መጽሐፍም የሚሆነው አንባቢ ሊገኝለት ይገባል። የመጀመሪያው ጥሩ ስብስብ በማደራጀት ይሟላል። ሁለተኛው ግን መጽሐፉ ራሱ ተነሥቶ አንባቢውን እንዲፈልግ የሚጠይቅ ነው። ቀጥሎ የሚዘረዘሩት አገልግሎቶች በአብዛኛው የዚህ የሁለተኛው ሐሳብ ማስፈጸሚያዎች ናቸው።

3. አገልግሎቶቹ

የሁሉም መሠረት ውሰት ነው። ነዋሪው አድራሻውን የሚያረጋግጥ ማስረጃ አቅርቦ የአባልነት ካርድ ያወጣል፤ መጽሐፍ መርጦ ለተወሰኑ ሳምንታት ይወስዳል፤ ሌላ ሰው ካልጠየቀው ጊዜውን ያራዝማል። መጽሐፉ በሌላ ሰው እጅ ከሆነ ወረፋ ይይዛል፤ በቤቱ ከሌለም ከሌላ ቤተ መጻሕፍት ሊመጣለት ይችላል። ዘግይቶ ለመለሰ ቅጣት ማስከፈል በብዙ አገር የቆየ ደንብ ነው። ይሁን እንጂ የቺካጎ ከተማ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2019፣ የኒው ዮርክ ደግሞ በ2021 የመዘግየት ቅጣትን አንሥተዋል። ለዚህ የበቁት ቅጣቱ በይበልጥ የሚያርቀው የድሃ ልጆችን መሆኑን በመገንዘብ ነው።

ሁለተኛው የማጣቀሻ አገልግሎት ነው። ጠያቂው ጥያቄውን ያቀርባል፤ ባለሙያው መልሱ የሚገኝበትን ያመለክታል። ሦስተኛው ወደ ቤቱ መምጣት ለማይችሉት የሚደርስ አገልግሎት ሲሆን፣ በመኪና የሚዞር ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት፣ ለዐይነ ስውራን የብሬልና በድምፅ የተቀረጹ መጻሕፍት፣ ለሆስፒታልና ለማረሚያ ቤት የሚላኩ ስብስቦች በዚህ ይጠቃለላሉ። አራተኛው ትምህርት ነክ ነው፤ የጎልማሶች የማንበብና የመጻፍ ትምህርት፣ ለስደተኞች የቋንቋ ትምህርት፣ የኮምፒዩተርና የኢንተርኔት አጠቃቀም። አምስተኛው የአካባቢውን ሰው የሚያገናኙ ዝግጅቶች ናቸው፤ የንባብ ክበብ፣ ከደራሲ ጋር ውይይት፣ የግጥም ምሽት፣ የልጆች የተረት ሰዓት።

ከቅርቡ ዘመን ምሳሌ ለመጥቀስ፣ በፊንላንድ ዋና ከተማ በሄልሲንኪ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 የተከፈተው ኦዲ የተባለ ቤተ መጻሕፍት አለ። መቶ ሺህ ያህል መጻሕፍት የተደረደሩት በላይኛው ፎቅ ሲሆን፣ በመካከለኛው ፎቅ የልብስ ስፌት መኪናዎች፣ የሙዚቃ መቅረጫ ክፍሎችና ሌሎች የእጅ ሥራ መሣሪያዎች ይገኛሉ። «ይህ ከመጽሐፍ ጋር ምን ያገናኘዋል?» የሚል ሊኖር ይችላል። መልሱ ቀላል ነው፤ ሱሪውን ሊያሳጥር የመጣ ሰው ወደ ላይኛው ፎቅ የሚወስደው ደረጃ በአጠገቡ ነው።

4. ከመደርደሪያው የጎደለው ተረት

የተረት ሰዓት አሠራር ያልተወሳሰበ ነው። በሳምንት በታወቀ ቀንና ሰዓት ልጆች ተሰብስበው ይቀመጣሉ፤ ተራኪው ሥዕሉን እያሳየ ከመጽሐፍ ያነባል ወይም በቃሉ ያወጋል። ተረቱ ካለቀ በኋላ መጽሐፉ ልጆቹ እጅ ዘንድ ይቀመጣል፤ የወደደው ተውሶ ይሄዳል። የዝግጅቱ ቁልፍ ይህ የመጨረሻው እርምጃ ነው። ልጁ ይዞት የሚሄደው መጽሐፍ ከሌለ ተረቱ ከጨዋታነት አያልፍም። የሚከተሉት ሁለት ታሪኮች የተነሡትም ከዚሁ ነጥብ ነው፤ ተራኪው ተረቱን አውርቶ ወደ መደርደሪያው ዘወር ሲል መጽሐፉን ያጣዋል።

የመጀመሪያው ታሪክ የኒው ዮርክ ነው። ከፖርቶ ሪኮ የመጡት ፑራ ቤልፕሬ እ.ኤ.አ. በ1921 በሃርለም በሚገኘው የ135ኛው መንገድ ቅርንጫፍ ቤተ መጻሕፍት ተቀጠሩ። በከተማው የፖርቶ ሪኮ ተወላጆች ቁጥር እየጨመረ ነበር፤ ልጆቻቸው ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ቢመጡም የአገራቸውን ተረት የያዘ መጽሐፍ በመደርደሪያው አልነበረም። ቤልፕሬ በልጅነታቸው ከቤተሰብ የሰሙትን ተረት በስፓኒሽና በእንግሊዝኛ ማውጋት ጀመሩ፤ አሻንጉሊት እያንቀሳቀሱም ያሳዩ ነበር። ማርቲና የተባለች በረሮና ፔሬዝ የተባለ አይጥ ስለ መጋባታቸው የሚያወሳው ተረት እ.ኤ.አ. በ1932 በመጽሐፍ ታተመ። ዛሬ በአሜሪካ ለላቲን አሜሪካ ተወላጅ የልጆች ደራስያንና ሠዓልያን የሚሰጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 የተጀመረ ሽልማት በስማቸው ይጠራል።

ይኸው ቅርንጫፍ ለጎልማሶችም የሥነ ጽሑፍ መድረክ እንደ ነበር ማስታወስ ይገባል። የጥቁር ሕዝቦችን ታሪክ የሚመለከተው የአርቱሮ ሾምበርግ ስብስብ እ.ኤ.አ. በ1926 በ10,000 ዶላር ተገዝቶ ወደዚህ ቤት ገባ። በዚያው ዓመት ደብልዩ. ኢ. ቢ. ዱቦይስ ያቋቋሙት የቲያትር ቡድን በምድር ቤቱ ትርኢት ያሳይ ነበር። የሃርለም የሥነ ጽሑፍ ንቅናቄ ሲጠና የመጽሔቶቹና የአሳታሚዎቹ ስም ጎልቶ ይነሣል፤ የሠፈር ቤተ መጻሕፍቱ ድርሻም ከዚያ አያንስም።

ሁለተኛው ታሪክ ከእኛው ይገናኛል። አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ከመማሪያ መጽሐፍ ውጭ የሆነ መጽሐፍ በእጃቸው የገባው በ19 ዓመታቸው እንደ ነበር ተናግረዋል። በስደት አሜሪካ ገብተው የቤተ መጻሕፍት ሙያ ከተማሩ በኋላ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በልጆች ክፍል ሠሩ። በዚያ ክፍል የብዙ አገር ቋንቋ መጻሕፍት ሲኖሩ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ አልነበረም። በመሆኑም ማሞ ስለተባለ ቂል ልጅ የሚነገረውን የአገራችንን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን አዘጋጅተው እ.ኤ.አ. በ2002 አሳተሙ። ቀደም ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ1998፣ ከአሜሪካዊቷ የልጆች ደራሲ ከጄን ከርትዝ ጋር ሆነው ለኢትዮጵያ ልጆች መጻሕፍት የሚያቀርብ ድርጅት መሥርተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ የሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ። ከዚያም በአዋሳ አካባቢ በአህያ በሚሳብ ጋሪ መጻሕፍትን ወደ ልጆች የሚያደርስ ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ተጀመረ።

ሁለቱ ሰዎች በዘመን፣ በአገርና በቋንቋ ይራራቃሉ። የተጓዙበት መንገድ ግን አንድ ነው። ሁለቱም መጽሐፍ ለማዋስ የተቀጠሩ ሠራተኞች ነበሩ፤ ሁለቱም በሚያገለግሉት ልጅ ቋንቋ የተጻፈውን መጽሐፍ አጡ፤ ሁለቱም ከሥነ ቃል ወስደው ጻፉ። ደራሲ ያደረጋቸው የአንባቢው በፊታቸው መገኘት ነው። ሥነ ቃል ወደ ጽሑፍ የሚሸጋገርበትን መንገድ ስናስተምር ሰብሳቢውን ምሁርና ደራሲውን እንጠቅሳለን። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛውንም ሦስተኛ አድርገን መቁጠር የሚገባን ይመስለኛል።

5. በእኛ ዘንድ

«የእኛ ሰው ማንበብ አይወድም» የሚለው አነጋገር በተደጋጋሚ ይሰማል። ማስረጃው ግን ይህን አይደግፍም። በአዲስ አበባ ልብ ወለድ በቀን ሒሳብ የሚያከራዩ ሰዎች ነበሩ፤ ወጣቱ ከኪሱ ሳንቲም ከፍሎ፣ ቀኑ እንዳያልፍበት ሌሊቱን ሲያነብ ያድር ነበር። ኪራይ እንግዲህ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ያልሞላውን ክፍተት ነጋዴው የሞላበት ዘዴ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተረክ ፊደል ያልቆጠረው ሰው ሳይቀር ታድሞበታል። ይህም ጮክ ብሎ የሚነበብ መጽሐፍ ምን ያህል ሰው እንደሚሰበስብ በቂ ማስረጃ ነው። የጎደለው ፍላጎቱ ሳይሆን ፍላጎቱን የሚቀበል ቤት ነው።

ቤቶቹ እየተሠሩ ነው። በ2014 ዓ.ም. በአራት ኪሎ አቅራቢያ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በአንድ ጊዜ ከሁለት ሺህ በላይ አንባቢዎችን እንዲያስተናግድ ታስቦ የተሠራ ነው። ይሁን እንጂ የወንበሩ ብዛት ብቻውን መመዘኛ ሊሆን አይችልም። ስለ ማንኛውም ቤተ መጻሕፍት መጠየቅ ያለበት ስንት ሰው ተቀመጠ ብቻ ሳይሆን ስንት መጽሐፍ ከቤቱ ወጥቶ ተመለሰ፣ ስንት ልጅ ተረት ሰማ የሚለው ነው።

በውሰት ላይ የሚነሣው ዋና ተቃውሞ «መጽሐፉ አይመለስም» የሚል ነው። እኔም በአንድ ወቅት በአንድ ቤተ መጻሕፍት ሦስት ቅጂ ካለው ልብ ወለድ አንዱን እንዲያውሱኝ ጠይቄ ይኸው መልስ ተሰጥቶኛል። ሦስቱም ቅጂዎች ገጻቸው ያልተገለጠ አዲስ ነበሩ። ሥጋቱ መሠረት የለውም አይባልም፤ መጽሐፍ ይጠፋል። መፍትሔውም የታወቀ ነው፤ ዋስ ወይም መያዣ መቀበል፣ ተፈላጊውን መጽሐፍ በብዙ ቅጂ መግዛት፣ ለሚጠፋው መተኪያ በጀት መያዝ፣ ሠራተኛውንም ለጠፋ ቅጂ ሁሉ ከደመወዙ ተጠያቂ አለማድረግ። ዕዳው በራሱ ላይ የሚወድቅበት ሠራተኛ መደርደሪያውን ቢቆልፍ ሊፈረድበት አይገባም። የጠፋ መጽሐፍ ቢያንስ በአንድ ሰው እጅ ይገኛል። ያልተነበበው ግን በመደርደሪያው ላይ እያለ ጠፍቷል።

6. መደምደሚያ

ይህ ጉዳይ ለትምህርት ክፍላችን ሩቅ አይደለም። ተማሪዎቻችን ለመመረቂያ ጽሑፋቸው በየገጠሩ እየዞሩ ተረትና ምሳሌ፣ እንቆቅልሽ፣ አፈ ታሪክ ሰብስበዋል፤ ጥናቶቹ ተጠርዘው ተቀምጠዋል። ልጅ ሆነው እነዚህን ተረቶች ሊሰሙ የሚገባቸው ግን አንዱንም አያውቁትም። ስለዚህ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። የሥነ ቃል ትምህርት የሚወስዱ ተማሪዎች በየሴሚስተሩ ከእነዚህ ጥናቶች ተረት እየመረጡ፣ ለልጆች በሚሆን ቋንቋ እያሰናዱ፣ በአቅራቢያ ባለ ቤተ መጻሕፍት የተረት ሰዓት ቢያቀርቡ፣ የተራኪዎቹን ስምና አገር ሳይዘነጉ በልጆቹ ዘንድ የተወደዱትን ለኅትመት ቢያዘጋጁ ትምህርቱም ይጠነክራል፤ መደርደሪያውም ይሞላል። ሥራው የሚጀመርበት ቦታ ልጆች በሚናገሩት ቋንቋ ሁሉ መሆን አለበት፤ የአማርኛው ተረት በአማርኛ፣ የኦሮምኛው በኦሮምኛ፣ የጉራግኛውም በጉራግኛ።

ለመጀመሪያው ቀን የሚያስፈልገው አንድ ክፍል፣ ምንጣፍ፣ አንድ ተራኪና ልጁ ይዞት የሚሄደው መጽሐፍ ነው። ከአራቱ ሦስቱ ዛሬም አሉን። አራተኛውን መጻፍ የእኛ ድርሻ ነው።