ቮልስ መስታወቷን የምትይዘው በጎማ ነው

አፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነበር። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ የመምህሩ፣ የነርሷ፣ የመንግሥት ሠራተኛው የቤት መኪና እሷው ነበረች። ዛሬም አባት ገዝቶ ልጅ የወረሳት፣ ሞተሯ ደጋግሞ የታደሰላት ቮልስ በየሰፈሩ አለች። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለችውን ጠብቆ ማቆየት ከትዝታም በላይ ጥቅም አለው። የቮልስን ሞተር የሚያውቅ መካኒክ አይጠፋም። የፊት መስታወቷ ሲሰነጠቅ የሚሰጠው ምክር ግን በአብዛኛው የተሳሳተ ነው፤ ጉዳቱም በመስታወቱ ላይ አይቆምም፣ ላሜራዋን ይበላል።

ስህተቱ የሚመነጨው ከአዳዲሶቹ መኪኖች ልምድ ነው። በእነሱ ላይ የፊት መስታወት በጠንካራ ሙጫ ከቦዲው ጋር ይጣበቃል፤ መስታወቱ ራሱ የቦዲው ጥንካሬ አካል ነው፣ የተሳፋሪው ኤርባግ ሲነፋም ብዙ ጊዜ የሚደገፈው በእሱ ላይ ነው። ቮልስ እንደዚያ አልተሠራችም። መስታወቷን ዙሪያውን የሚይዘው አንድ ወጥ ጎማ ነው። ጎማው ሁለት ቦይ አለው፤ በአንደኛው መስታወቱ ይገባል፣ በሌላኛው የቦዲው የላሜራ ጠርዝ። ጎማው ሁለቱንም ጨብጦ ሲይዝ ውሃ መግቢያ ያጣል። ፔጆ 404ም፣ ፊያት 124ም የሚሠሩት በዚሁ ዘዴ ነውና ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ነገር ለእነሱም ይሆናል።

«ሲሊኮን ካልተቀባ ውሃ ያስገባል»

ከሁሉ የከፋው እምነት ይህ ነው። መስታወቱ ገና ሳይገጠም የጋራዡ ልጅ የሲሊኮን ቱቦ ይዞ ይመጣል፤ «ጋሼ፣ ለዋስትና ትንሽ እናስነካው» ይላል። በቅን ልቦና የተነገረ ነው፤ ግን አይፈቀድለት።

ርካሹ ሲሊኮን ሲደርቅ እንደ ኮምጣጤ ይሸታል። ሽታው በእርግጥም የኮምጣጤው አሲድ ነው። ያ አሲድ ቀለሙ በተጫረበት ላሜራ ላይ ሲያርፍ ዝገት ይጀምራል። ሲሊኮኑ ከደረቀ በኋላ ደግሞ ጎማው እንደ ልቡ መንቀሳቀስ ያቅተዋል። ቮልስ በኮረኮንች ላይ ስትሄድ ቦዲዋ በጥቂቱ ይላወሳል፤ ጎማው የተሠራው ያንን እንቅስቃሴ እንዲችል ነው። በአንድ ጥግ ሲሊኮኑ ሲላቀቅ ውሃ ይገባል፣ በሌላው ጥግ ሲሊኮኑ ስለያዘው መውጫ ያጣል። ከውጭ ምንም አይታይም። ከሁለት ሦስት ክረምት በኋላ ከታች በግራና በቀኝ ማዕዘን ቀለሙ ማበጥ ሲጀምር ብቻ ነው ነገሩ የሚታወቀው፤ ያን ጊዜ በካቻቪቴ ነካ ሲያደርጉት ላሜራው እንደ ደረቅ ቅጠል ይረግፋል።

ቀለም ቀቢውም ይጎዳል። ሲሊኮን በነካው ላሜራ ላይ አዲስ ቀለም አይይዝም፤ ክብ ክብ ጉድጓድ እየሠራ ይሸሻል። በሚቀጥለው ጊዜ መስታወቱን ማውጣት ሲያስፈልግ ደግሞ ጎማው ይቀደዳል፣ መስታወቱም ብዙ ጊዜ ይሰበራል።

ጎማው አዲስ፣ የላሜራው ጠርዝ ቀጥ ያለና ንጹሕ ከሆነ ምንም መቀባት አያስፈልግም። ጠርዙ ቀደም ሲል በግጭት ተጣሞ ሙሉ በሙሉ ሊቃና ካልቻለ፣ ሳይደርቅ ለስላሳ ሆኖ የሚቆይ የመስታወት ማስቲሽ ከጎማው ከንፈር ሥር ማስገባት ይቻላል። የሚደርቅ ሙጫ ግን በጭራሽ።

«ጎማው ደህና ነው፣ ይመለስ»

ጎማ በፀሐይና በአየር ይደርቃል፤ የአዲስ አበባ ከፍታ 2,400 ሜትር ገደማ በመሆኑ ፀሐይዋ ጠንካራ ናት። ጎማው ሲደርቅ ይኮማተራል፣ መጀመሪያ የሚያጥረውም በማዕዘኖቹ ላይ ነው። ለመመርመር ከጎማው ጫፍ አንድ ቦታ በሁለት ጣት እጥፍ አድርጎ መያዝ ይበቃል። በታጠፈበት ጀርባ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ከታዩ ሥራው አብቅቷል። ከሱቅ የሚገዛው «አዲስ» ጎማም ለዓመታት ተቀምጦ ሊሆን ስለሚችል በዚሁ መንገድ ሳይፈተሽ ገንዘብ አይከፈልበት። አሮጌው ጎማ ግን በምላጭ ተቆርጦ ይጣል። ይህ አሮጌውን መስታወት ሳይሰብሩ ለማውጣትም ከሁሉ የቀለለው መንገድ ነው።

ጎማ ታጥፎ በሻንጣ ይመጣል። አሜሪካ ወይም ጀርመን ዘመድ ያለው ሰው መስታወቱን እዚህ ፈልጎ ጎማውን ከዚያ ቢያስልክ ብልህነት ነው። ቮልስ በሜክሲኮ ፑዌብላ እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ስትመረት ስለቆየች ለእሷ የሚሆን አዲስ ጎማ አሁንም ይሠራል። ለዘመድ መነገር ያለበት የመኪናዋ ሞዴል ዓመት ብቻ አይደለም፤ ጎማው ዙሪያውን ለሚዞረው የብር ቀለም ጌጥ ቦይ ያለው ይሁን ወይስ የሌለው፣ እሱም መገለጽ አለበት።

«የቮልስ መስታወት ሁሉ አንድ ነው»

አይደለም። ሶማሌ ተራ ሄዶ «የቮልስ የፊት መስታወት» ብሎ የገዛ ሰው ጋራዥ ሲደርስ ሊያዝን ይችላል። በ1957 እ.ኤ.አ. አጋማሽ መስታወቷ ከቀድሞው ሰፋ። በነሐሴ 1964 እ.ኤ.አ. እንደገና ከፍ አለ፣ በጥቂቱም ጎበጠ፤ ከዚያ ወዲህ መደበኛዋ ቮልስ በዚያው መጠን ቀጥላለች። ከነሐሴ 1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጣችው 1303 የምትባለው ግን በጣም የጎበጠ ሰፊ መስታወት ስላላት ከሌሎቹ ጋር አትቀያየርም። ጎማውም እንደ መስታወቱ ይለያያል።

እዚህ ላይ ለአሮጌዎቹ ባለቤቶች አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ከ1964ቱ ለውጥ በፊት የነበረው መስታወት ዝርግ ነው። ስለዚህ ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ቢጠፋ እንኳ ጎበዝ መስታወት ቆራጭ በካርቶን ልኩን ወስዶ ከዝርግ ላሚኔትድ መስታወት ሊቆርጠው ይችላል።

«መስታወት መስታወት ነው»

ቆራጩ ጋ ሲደረስ ደግሞ አደገኛው ስህተት ይመጣል፤ ለቤት መስኮት የሚሆነውን ተራ መስታወት ማስቆረጥ። ተራ መስታወት ሲሰበር እንደ ቢላ ስለት እየሆነ ይወድቃል፤ ከፊቱ የተቀመጠው ደግሞ ቀበቶ የሌለው ተሳፋሪ፣ ብዙ ጊዜም በእናቱ ጭን ያለ ሕፃን ነው። በዚህ ነገር ድርድር የለም።

ለመኪና የሚሆኑት ሁለት ዓይነት ናቸው። ቴምፐርድ የሚባለው በሙቀት የጠነከረ ሲሆን ሲሰበር ሁሉም በአንዴ ወደ ትናንሽ ፍሬ ይለወጣል። አይቆርጥም፤ ነገር ግን ጠጠር በመታው ቅጽበት ሹፌሩ ፊት ለፊት የሚያየውን ያጣል። ብዙ የድሮ የአውሮፓ መኪኖች የወጡት በዚህ ነው። ላሚኔትድ የሚባለው በሁለት መስታወት መካከል ስስ ፕላስቲክ የተጣበቀበት ነው፤ ቢሰነጠቅም ቦታውን አይለቅም። ፈረንሳዊው ኤዱዋር ቤኔዲክቱስ ሐሳቡን በ1909 እ.ኤ.አ. በፓተንት አስመዝግቧል። ዛሬ መስታወት የሚለውጥ ሰው ሊመርጠው የሚገባው ላሚኔትዱን ነው፣ «ኦሪጅናሉ» ቴምፐርድ ቢሆንም እንኳ።

ለይቶ ለማወቅ ጠርዙን ከጎን ማየት ነው፤ ላሚኔትድ ከሆነ በመካከሉ ቀጭን መስመር እንደ ክር ሲዞር ይታያል። ቴምፐርድ አንዴ ከጠነከረ በኋላ ሊቆረጥ አይችልም፤ «ትንሽ እናሳጥረው» የሚል ካለ መስታወቱ እጁ ላይ ይበተናል።

«ስንጥቁ ይቆማል፣ ሱፐር ግሉ ይበቃዋል»

ሱፐር ግሉ አይበቃውም። ልዩ ሬዚን በላሚኔትድ መስታወት ላይ ትንሽ የጠጠር ምልክትን ሊያቆም ይችላል። እስከ ጠርዝ የደረሰ ስንጥቅ ግን አይታከምም፤ በቴምፐርድ ላይ ደግሞ ጥገና የሚባል ነገር የለም።

«መግጠም ጉልበት ይጠይቃል»

የሚጠይቀው ሲባጎና ትዕግሥት ነው። ከሁሉ በፊት የላሜራው ጠርዝ ይመርመር። ዝገት ካለ እስከ ንጹሕ ብረት ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ይጠረግ፣ የተበሳ ካለ ባትላሜራው በብየዳ ይዝጋው እንጂ በስቱኮ አይደፈን። ከዚያ ፀረ ዝገትና ቀለም ተቀብቶ በደንብ ይድረቅ። ጠርዙ ላይ ስቱኮ ከወፈረ ጎማው አይቀመጥም።

ጎማው መጀመሪያ የሚለብሰው መስታወቱን ነው። የብረት ጌጥ ካለውም አሁኑኑ፣ መስታወቱ ገና ጠረጴዛ ላይ ሳለ ይግባ፤ በኋላ አይገባም። ይህ ጌጥ ለውበት ብቻ አይደለም፣ ጎማውን ወጥሮ ይይዘዋል። ቀጥሎ ጠንካራ ሲባጎ ላሜራው በሚገባበት ቦይ ውስጥ ዙሪያውን ይዞራል፤ ሁለቱ ጫፎች ከታች መካከል ላይ አንድ ስንዝር ያህል ተደራርበው ወደ መኪናው ውስጥ ይንጠለጠላሉ። ጎማውን ለማንሸራተት የሳሙና ውሃ ይበቃል። ግሪስ፣ ዘይትና ናፍጣ ጎማውን ስለሚያሳብጡ አይነኩት።

አሁን ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ከውጭ መስታወቱን ቦታው ላይ አድርጎ በመዳፉ ይደግፋል፤ ሌላው ከውስጥ ተቀምጦ ሲባጎውን ቀስ እያለ ወደ ራሱ ይስባል። ሲባጎው ሲወጣ የጎማው የውስጥ ከንፈር ላሜራውን እየዘለለ ወደ ውስጥ ሲገለበጥ በዓይን ይታያል፤ የውጪው ሰው መዳፉን ልክ በዚያ ቦታ ላይ ጫን እያደረገ ይከተላል። ከታች ተጀምሮ በሁለቱ ጎን ወደ ላይ ይኬዳል። ማዕዘን ላይ ሲደረስ መቸኮል አይገባም። በቡጢ መምታት፣ ከንፈሩን በካቻቪቴ መጎልጎል ፈጽሞ አያስፈልግም፤ የላሚኔትድ መስታወት ደካማ ጎኑ ጠርዙ ነውና ትንሽ ብረት ከነካው ስንጥቁ ከዚያ ይነሳል። አልገባ ካለ ጥፋቱ የጎማው መጠን ወይም የላሜራው ጠርዝ ነው። ይወጣና እንደገና ይታይ።

«ምንጣፉ ከራሰ መስታወቱ ነው»

ሁልጊዜ አይደለም። ከ1968 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ ቮልስ ከመስታወቱ ፊት የአየር መግቢያ አላት፤ ከሥሩ ያለው የውሃ ማፍሰሻ ቱቦ በቅጠል ሲደፈን ውሃው ወደ ውስጥ ይመለሳል። በዝናብ መጥረጊያዎቹ ዘንግ ዙሪያ ያሉት ትናንሽ ጎማዎችም ሲደርቁ ያንጠባጥባሉ። ለማጣራት አንድ ሰው ባትሪ ይዞ ከዳሽቦርዱ ሥር ይመልከት፣ ሌላው በጎማ ቱቦ ቀጭን ውሃ ከታች ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ያፍስስ። ከላይ ከተጀመረ ውሃው ሁሉንም ቦታ ስለሚያረጥብ መግቢያው አይለይም።

በመጨረሻ፣ አሮጌውን መስታወት ከማውጣት በፊት በእሱ ላይ የተለጠፉት ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን ምልክት ይታሰቡ። መስታወቱ ከተሰበረ በኋላ እነሱን ማንሳት አይቻልም፤ በቀጭን ምላጭ ቀድሞ መሞከር፣ እንደማይነሱ ከታየ ደግሞ ምትካቸው እንዴት እንደሚገኝ ከሥራው በፊት መጠየቅ ይገባል።