ቆሽት ላይ የታየ ዕጢ ሁሉ አንድ አይደለም





«ቆሽቱ ላይ ዕጢ ተገኘበት» ሲባል በየመሥሪያ ቤቱ የሚሰማው መልስ «በቃ፣ ቤተ ሰቡን ያጽናቸው» የሚል ነው። ሰውየው ገና በሕይወት ሳለ ማጽናኛ ይላክለታል ማለት ነው። የቆሽት ካንሰር ክፉ መሆኑን አልክድም፤ አብዛኛውም ከቆሽቱ ቱቦዎች የሚነሣው ዓይነት ነው። ነገር ግን በሲቲ ስካን ይህንኑ መስሎ የሚታይ፣ ወገኑ ግን ከደም ካንሰር የሆነ ዕጢ አለ። በቆሽት የሚጀምረው ሊምፎማ ከመቶ የቆሽት ዕጢ አንዱን እንኳ አይሞላም፤ ያገኘው ሰው ግን ሕክምናው ፈጽሞ ሌላ ነው።

የደም ካንሰር በደም ሥር ብቻ የሚዞር ይመስለናል። ሆኖም ከመቅኔ የሚነሡት ሕዋሳት በሌላ የሰውነት ክፍል ተከማችተው ዕጢ ይሆናሉ። እስኮትላንዳዊው አለን በርንስ እንዲህ ያለውን ዕጢ እ.ኤ.አ. በ1811 ጽፎ አስታወቀ፤ በ1853 ኪንግ የተባለ ሐኪም «ክሎሮማ» አለው፤ ሲቆረጥ ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ይመስላልና ስሙን ከግሪክ ቋንቋ ወሰደለት። ዛሬ ማይሎይድ ሳርኮማ ይባላል። በቆሽት ላይ ሲወጣ እጅግ ብርቅ ነው፤ አስቸጋሪነቱም አንዳንድ ጊዜ የደም ምርመራው ደኅና ሳለ ከሉኪሚያው ወራት ቀድሞ መታየቱ ነው።

ቆሽት በንዴት የሚያር ብቻ ለሚመስለን ሰዎች፣ ቦታው ከጨጓራ ጀርባ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ጫፉ ላይ አልትራሳውንድ ያለበትን ቀጭን ቱቦ በአፍ አውርዶ፣ በጨጓራ ወይም በትንሹ አንጀት ግድግዳ በኩል በመርፌ ከዕጢው ቅንጣት ይወስዳል። ፓቶሎጂስቱ አቅልሞ በማይክሮስኮፕ ያያል። በዚህ ብቻ ግን ማይሎይድ ሳርኮማን ከሊምፎማ ማምታታት የቆየ ችግር ነው፤ ስለዚህ የሕዋሱን ፕሮቲኖች የሚለዩ ልዩ ማቅለሚያዎች ይጨመራሉ፤ የመቅኔ ምርመራም ይከተላል። ዕጢው ትልቅ ሆኖ ሳለ የቆሽቱ ቱቦ እምብዛም ካልሰፋ፣ በዙሪያው ንፍፊቶች ካበጡ፣ ይልቁንም ሕመምተኛው ቀድሞ ደም ካንሰር ታክሞ ከነበረ፣ ሐኪሙ ይህን ሊጠረጥር ይገባዋል። ታካሚውም ያለፈውን ሕመሙን አይደብቅ።

ሊምፎማ ከሆነ ያ ከባድ ቀዶ ሕክምና ቀርቶ በመድኃኒት ይታከማል፤ ተስፋውም ከተለመደው የቆሽት ካንሰር የተሻለ ነው። ማይሎይድ ሳርኮማም ደሙ ንጹሕ ቢሆን እንኳ እንደ ሉኪሚያ ይታከማል።

እኔን ያስጻፈኝ «ብረት ከነካው ይሠራጫል» የሚለው ወሬ ነው። መርፌው ጉዳት የለውም አልልም፤ ጥቂት ሰው ይደማል፣ የአንዳንዱም ቆሽት ይቆጣል፤ በመርፌው መንገድ መሠራጨት ግን እጅግ ጥቂት ነው። የአንድ ባልደረባዬ አጎት ዘመዶች ናሙናው እንዳይወሰድ ከልክለው ወደ አገር ቤት ወሰዷቸው። አረፉ፤ ዕጢው ምን እንደ ነበረ ዛሬም የሚያውቅ የለም።

ክቡር አዘጋጅ፣ እነዚያ ልዩ ማቅለሚያዎች በየትኞቹ የአገራችን ላቦራቶሪዎች እንደሚገኙ አንድ ፓቶሎጂስት ጠይቃችሁ በዚሁ ዓምድ ብታስነብቡን እጅግ አመሰግናለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር