አድራሻ የሌላቸው ወገኖቻችን

ከሱብሒ ሶላት በኋላ በመርካቶ በኩል የሚያልፍ ሰው በየሱቁ በረንዳ በካርቶንና በላስቲክ ተጠቅልለው ያደሩትን ያያል። ብዙዎቻችን ሳንቲም ሰጥተን እናልፋለን። «ለምን የቀበሌ ቤት አይሰጧቸውም?» የሚለው ጥያቄም በየጀመዓው ይነሳል።

የቀበሌ ቤት የምንለው የመጣው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። አዋጁ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ለቀበሌ ተሰጡ። ዛሬም ኪራያቸው ከግለሰብ ቤት ጋር አይነጻጸርም። ግን እያረጁና ለመልሶ ማልማት እየፈረሱ ቁጥራቸው ቀንሷል። ሰፈር ሲነሳም ምትክ የሚያገኘው በስሙ ውል ያለው ተከራይ ነው፤ በጓዳው በደባልነት የኖረው በአብዛኛው ከዝርዝሩ የለም። በ2005 ዓ.ም. ለዝቅተኛ ገቢ የታሰበው የ10/90 ኮንዶሚኒየም ምዝገባ እንኳ መታወቂያና ቁጠባ ይጠይቅ ነበር። መታወቂያው ደግሞ የቤት ቁጥር ይፈልጋል፤ ከክፍለ ሀገር ለመጣም መሸኛ ይጠየቃል። በረንዳ የቤት ቁጥር የለውም!

ምንም አልተሠራም ማለታችን አይደለም። በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ጎዳና ላይ ለሚኖሩ ወገኖች የታሰበ ድጋፍ ነበረው። በ2002 ዓ.ም. የተመሠረተው መቄዶንያም አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ሃይማኖት ሳይለይ ይጦራል፤ ይህንን ሳናመሰግን አናልፍም። ይሁንና ጤነኛና ሠርቶ አዳሪ የሆነ ሰው ከመጠለያ ሲወጣ የሚገባበት ክፍል ካጣ ያው ወደ በረንዳው ይመለሳል።

በመዲና፣ በረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) መስጂድ ውስጥ አስ-ሱፋ የሚባል ጥላ ያለው ስፍራ ነበር። ቤትና ዘመድ የሌላቸው ሙሃጂሮች ያድሩበት ነበር፤ አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) አንዱ ናቸው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ያውቋቸዋል፣ ያላቸውን ያካፍሏቸዋል፤ ሶሓቦችም እየተከፋፈሉ ለእራት ወደየቤታቸው ይወስዷቸው ነበር። የነዋሪነት ማስረጃ የጠየቃቸው አልነበረም።

ዛሬስ አንድ የመስጂድ ጀመዓ ምን ማድረግ ይችላል? በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይደነግጋል። እንግዲህ ልጆች ይዛ በረንዳ የምታድር አንዲት እናት ብንመርጥ፣ የሁለቱን ወር ክፍያ ጀመዓው ቢያዋጣ፣ ከሽማግሌዎቹም አንዱ ወረዳ ድረስ ቢሸኛት፣ አድራሻ ማግኘት ትጀምራለች። ውሉ ግን በእርሷ ስም ይሁን፤ በኮሚቴው ስም ከተጻፈ ነገ ያው ደባል ናት። ገንዘቡ ከዘካ የሚወጣ ከሆነ አሰጣጡን አስቀድሞ ከዑለማ መጠየቅ ያሻል። የሦስተኛውን ወር ኪራይ ማን እንደሚከፍልም ክፍሉ ከመያዙ በፊት ይወሰን።