«የከተማ ደን» ወይስ «የከተማ ዛፍ»?

ለኅብረተሰብ የሚሰጥ የሥነ ምኅዳር ምክር በአማርኛ ሲዘጋጅ ተርጓሚውን አስቀድሞ የሚያከራክረው «ደን» የሚለው ቃል ነው። ቃሉ በተለምዶ ዛፎች ተጠጋግተው የበቀሉበትን ሰፊ ቦታ ያመለክታል። በሰሜን ሸዋ ለዚህ ፍች ዐይነተኛ ምሳሌ የሚሆነው፣ ጥድና ዝግባ፣ ከፍ ባለው ቦታም ኮሶና አስታ የሚገኙበት፣ በአንኮበር አቅራቢያ ያለው የወፍ ዋሻ ደን ነው። በ2007 ዓ.ም. የወጣው አገር አቀፍ ብያኔም ቢያንስ 0.5 ሄክታር ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመትና 20 በመቶ የቅርንጫፍ ሽፋን ይጠይቃል።

እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ከተማ ግን ብዙው ዛፍ በአጥር ጥግ፣ በመንገድ ዳርና በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የቆመ ነው። ይህን ሁሉ «የከተማ ደን» ብንለው፣ ነዋሪው በግቢው የተከለው ባሕር ዛፍ እንደ መንግሥት ደን መቍረጥ የተከለከለ ሊመስለው ይችላል፤ የስያሜ ጕድለት የመብት ጥያቄ ይሆናል። ስለዚህ ለዘርፉ «የከተማ ዛፍ ልማትና እንክብካቤ» የሚለውን እናቀርባለን፤ «ደን» ብያኔውን ለሚያሟላ ቦታ ብቻ ይጠበቅ።

ሕዝቡ ራሱ ጥሩ ስም አውጪ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣውን ተክል «ባሕር ዛፍ» ሲለው፣ በሁለት የታወቁ ቃላት መነሻውንም ዐይነቱንም ገልጿል።

ባለሙያውንስ ምን እንበለው? «መካሪ» ከ«መከረ» የወጣ ስለ ሆነ ከአንድ ወገን የሚሰጥን ምክር ያሳያል። «አማካሪ» ግን «ተማከረ» ከሚለው ተደራራጊ ግሥ ጋር ስለሚዛመድ የነዋሪውንም ሐሳብ መስማትን ይጨምራል። ለዚህ አገልግሎት የሚስማማው ሁለተኛው ነው።