ኪንግ፣ ካርኖ፣ ሆመር፦ የእርግብ ሥጋ ሲመዘን

የእርግብ ደረት ሲበለት የሚወጣው ሥጋ እንደ ዶሮ ነጣ ያለ አይደለም፤ ወደ ጉበት የሚያደላ ጠቆር ያለ ቀይ ነው። ለበረራ የተፈጠረ ጡንቻ ኦክስጅን የሚያኖርበት ሚዮግሎቢን የተባለ ፕሮቲን ይፈልጋል፤ ቀለሙም፣ ከብረቱም ከፊሉ ከዚያ ነው። ቆዳው የተገፈፈ 100 ግራም ጥሬ የእርግብ ሥጋ 4.5 ሚሊግራም ያህል ብረት ይዟል። በዶሮ ደረት ያለው አንድ ሚሊግራም እንኳ አይሞላም።

ለገበታ የሚቀርበው ግን በራሪው ሳይሆን አራት ሳምንት ገደማ ሲሆነው፣ ከጎጆው ሳይወጣ የሚታረደው ጫጩት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አባትም እናትም ጉሮሯቸው ሥር ባለው ከረጢት የሚያመነጩትን፣ ፕሮቲንና ስብ የሞላበትን «ወተት» ይግቱታል፤ ቶሎ የሚያድገውም ለዚህ ነው። ክንፉን ስላልሠራበት ሥጋው ለስላሳ ነው። ዓመት ያለፋት እርግብ ግን ብዙ መቀቀል ትፈልጋለች። ስለዚህ ዕድሜያቸው የተለያየ ወፎችን አሰልፎ «ይህ ዘር ይበልጣል» የሚል ንጽጽር አያሳምነኝም።

ዕድሜው ሲስተካከል የዘሩ ልዩነት በዋናነት በመጠንና በስብ ይታያል፤ ፕሮቲኑ ብዙም አይራራቅም። አሜሪካ ውስጥ ለሥጋ ተብሎ የተዳቀለው ኪንግ ደረተ ሰፊ ነው፤ የፈረንሳይና የቤልጂጉ ካርኖ መካከለኛ፤ ሆመር ደግሞ መልእክት ለማድረስ የተመረጠ ዘር ስለሆነ ትንሽ ነው። ግብፃውያን በሩዝ ወይም በፍሪክ (በተጠበሰ የስንዴ እሸት) ሞልተው የሚያበስሉት የአገር ውስጡም ከኪንግ ያንሳል፤ ቢሆንም ትንሽነቱን የሚጠላበት የለም፤ አንዱ ወፍ ለአንድ ሰው ነውና።

ስቡ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቆዳው ሲገፈፍ ከ100 ግራም ውስጥ 7.5 ግራም ያህሉ ስብ ነው፤ ከነቆዳው ሲመዘን ወደ 24 ግራም ያሻቅባል። በአንዱ ዘርና በሌላው መካከል ይህን ያህል ልዩነት አይጠበቅም። የወፏን ዘር ከመጠየቅ በፊት ቆዳው አለ ወይስ የለም ማለቱ ይቀድማል።

ለአርቢው ደግሞ ትልቅነት ብቻውን ትርፍ አይደለም። እርግብ በአንድ ጊዜ የምትጥለው ሁለት እንቁላል ነው። ረንት የተባለው ግዙፍ ዘር ኪሎ ቢደርስም በዓመት የሚያሳድጋቸው ጫጩቶች ጥቂት በመሆናቸው ብቻውን አያዋጣም፤ ከፈጣን ወላዶች ጋር ይዳቀላል። ኪንግም የተገኘው ረንትን ከሆመርና ከሌሎች ጋር በማዳቀል ነው።