ሲሮጡ የታጠቁት
የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ለውድድር ዘመን እንዴት ይሰናዳል?

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ አባቶቻችን። ተረቱ ለቅርጫት ኳስ ተብሎ የተነገረ አይደለም፤ ነገር ግን አንድ የኮሌጅ ቡድን ለአዲስ የውድድር ዘመን ስለሚያደርገው ዝግጅት ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁም። እኛ ተማሪዎች የምናውቀው የግጥሚያውን ቀን ብቻ ነው። ፊሽካ ሲነፋ እንሰበሰባለን፤ እናጨበጭባለን፤ ቡድናችን የተሸነፈ እንደ ሆነም ዳኛውን ወይም ዕድልን እንወቅሳለን። ዳሩ ግን የግጥሚያው ዕጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰነው አንድም ተመልካች ባልነበረባቸው ሳምንታት ነው። ቡድኑ የሴቶች ሲሆን ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይጨመርበታል፤ ይኸውም «ለመሰናዳት ሜዳውና ሰዓቱ ተሰጥቷቸዋልን?» የሚለው ነው።

ነገሩን ለማስረዳት ወደ ታሪክ ጥቂት መለስ እንበል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ጄምስ ኔይስሚዝ የተባሉ መምህር በአሜሪካ በስፕሪንግፊልድ ከተማ ቅርጫት ኳስን የፈጠሩት በ1891 ነው። በሚቀጥለው ዓመት ወይዘሪት ሴንዳ በረንሰን ጨዋታውን ለስሚዝ ኮሌጅ ሴቶች ተማሪዎች አስተማሩ፤ ሕጉን ግን አለዘቡት። ሜዳው በሦስት ተከፈለ፤ ተጫዋቿ ከተመደበችበት ክፍል እንዳትወጣ ተከለከለች፤ ኳስ ከእጅ መንጠቅም ክልክል ሆነ። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ ብዙ ከሮጠች ጤናዋ ይታወካል ተብሎ ይታመን ነበርና ነው። ሕጉ ቀስ በቀስ ቢሻሻልም፥ የአሜሪካ ኮሌጆች ሴቶች እንደ ወንዶቹ አምስት አምስት ሆነው ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር እንዲሮጡበት በደንቡ የጸናው በ1971 ነበር። ሰማንያ ዓመት ያህል ፈጀ ማለት ነው።

እንግዲህ በዚያ ዓመት የተሰናዳ ቡድን ምን እንደ ገጠመው አስቡ። ትናንት ግማሽ ሜዳ ይበቃት የነበረች ተጫዋች ዛሬ 28 ሜትር ያህል ሮጣ ታጠቃለች፤ ያንኑ ያህል ተመልሳ ትከላከላለች። ከዚያ ወዲያ ዝግጅት ከጌጥነት አልፎ ግዴታ ሆነ።

በፔንሲልቬንያ የሚገኘው ኢማኩላታ ኮሌጅ ያን ጊዜ መነኮሳይያት የሚያስተዳድሩት ትንሽ የሴቶች ኮሌጅ ነበር። የስፖርት አዳራሹ በ1967 በእሳት ተቃጥሏል። በ1970 ወይዘሮ ካቲ ራሽ የ23 ዓመት ወጣት ሳሉ አሠልጣኝ ሆነው ሲቀጠሩ፥ ለውድድር ዘመኑ ሁሉ የተቈረጠላቸው ደመወዝ 450 ዶላር ነበር። ልጆቹ የሚለብሱት እንደ ቀሚስ ያለ የሱፍ ልብስ ነው። የሚጋብዝ ነገር አልነበረም። ሆኖም አሠልጣኟ የወንዶች ቡድኖች የሚጠቀሙበትን ዘዴ ለልጆቹ አስተማሩ፤ ይኸውም ባላጋራን ከራሱ ሜዳ ጀምሮ ማጣበብ፥ ለጓደኛ መንገድ መከለል፥ ኳስ እንደ ተገኘ ፈጥኖ መሮጥ ነው።

ለመሆኑ ዝግጅት ሲባል ምን ምን ነው? በመጀመሪያ እግርና ትንፋሽ ነው። ቅርጫት ኳስ ረጅም ሩጫ አይደለም፤ ሮጦ መቆም፥ ዞሮ እንደገና መሮጥ ነው። ስለዚህ ልምምዱ አጫጭር ፈጣን ሩጫዎችን በአጭር ዕረፍት እየለያዩ መደጋገም ነው። ሁለተኛው ዘሎ ማረፍ ነው። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በዚህ ጨዋታ የሴቶች የፊተኛው የጉልበት ጅማት ከወንዶች ይልቅ ከሁለት እጥፍ በላይ እንደሚበጠስ በጥናት ታውቋል። ጉልበትን አጠፍ አድርጎና ወደ ውስጥ ሳያዘነብሉ በሁለት እግር በለስላሳ ማረፍን ከውድድሩ አስቀድሞ መለማመድ ጉዳቱን በእጅጉ ይቀንሳል። ጅማቷ የተበጠሰባት ልጅ ብዙ ጊዜ ዓመቱ ያልፍባታል። ሦስተኛው እጅ ነው፤ ማቀበል፥ ማንጠርና መወርወር ሳይታሰቡ እስኪሠሩ ድረስ መደጋገም አለባቸው። አራተኛው መተዋወቅ ነው። ጓደኛዋ ወዴት እንደምትሮጥ ሳታይ የምታውቅ ተጫዋች በአንድ ሳምንት አትገኝም።

ልክም አለው። ዛሬ በአሜሪካ ትልልቅ ዩኒቨርስቲዎች ደንብ ቡድኖች ከመጀመሪያው ግጥሚያ በፊት ባሉት 42 ቀናት ውስጥ ቢበዛ 30 ልምምድ ያደርጋሉ፤ ልምምዱም በቀን ከ4፥ በሳምንት ከ20 ሰዓት እንዲያልፍ አይፈቀድም። ተጫዋቿ አስቀድሞ ተማሪ ናትና፥ መጽሐፉም ጊዜ ይሻል።

ወደ ኢማኩላታ እንመለስ። መጋቢት 1972 በክልል ውድድር ጎረቤታቸው ዌስት ቼስተር በ32 ነጥብ ልዩነት ቀጣቸው። የሆነ ሆኖ ለሴቶች ኮሌጆች አትሌቲክስ ማኅበር የመጀመሪያ ብሔራዊ ሻምፒዮና አለፉ፤ ከ16ቱ ቡድኖች የተሰጣቸው ደረጃ ግን 15ኛ ነበር። የመጓጓዣ ገንዘብ ለማግኘት የጥርስ ብሩሽ ሳይቀር ሸጡ፤ የተገኘው ብር የበቃው ለስምንት ተጫዋቾች ብቻ ነው። ስምንቱ ወደ ኢሊኖይ ሄደው እስከ ፍጻሜው ደረሱ፤ በፍጻሜው የጠበቃቸውም ያው ዌስት ቼስተር ነበር። 52 ለ 48 አሸነፉት። በአንድ ሳምንት አዲስ እግር የሚያበቅል ሰው የለም፤ ስለዚህ ያን ቀን የታየው ጉልበት ቀደም ሲል የተጠራቀመው ነው። በ1973ና በ1974ም ዋንጫውን ደገሙት። መነኮሳይያቱ ባልዲ እየመቱ ይደግፏቸው እንደ ነበር በሰፊው ይነገራል።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ደስ ባለን ነበር። በሰኔ 1972 መንግሥት ገንዘብ በሚሰጣቸው ትምህርት ቤቶች በጾታ መለያየትን የሚከለክል ሕግ በአሜሪካ ወጣ። ትልልቆቹ ዩኒቨርስቲዎች ለሴቶች ቡድን የነፃ ትምህርት ዕድልና አዳራሽ መስጠት ጀመሩ፤ ትንሹ ኢማኩላታ ግን ሊወዳደራቸው አልቻለም። ከ1974 በኋላ ብሔራዊ ዋንጫ አልተመለሰለትም። ይህ የሚያሳዝን ቢሆንም አንድ ነገር ያስተምረናል፤ ትጋት በባዶ እጅ ጥቂት ዓመት ያስኬዳል፥ ዘላቂ የሚሆነው ግን ሜዳውና ሰዓቱ ሲጨመሩበት ነው።

ሕግ መውጣቱም ብቻውን አልበቃም። በ2021 በተደረገው የአሜሪካ ኮሌጆች ውድድር ለወንዶቹ ሰፊ የክብደት ማንሻ አዳራሽ ሲሰናዳ፥ ለሴቶቹ የተሰጠው አንድ መደርደሪያ ትንንሽ ክብደት ነበር። ነገሩ በቦታ ጥበት ቢመካኝም፥ ሴዶና ፕሪንስ የተባለች ተጫዋች ባዶውን ሰፊ ቦታ በፊልም አንሥታ ለዓለም አሳየች። በጥቂት ቀናት ውስጥ መሣሪያው ተሟላ። እንግዲህ ጠፍቶ የነበረው ቦታው ነው ወይስ ሐሳቡ? ፍርዱን ለአንባቢ እተዋለሁ።

እኛስ? ስለ ሴቶቹ ቡድን አስተያየት ከመስጠታችን በፊት የሜዳውን የሰዓት ድልድል አንብበን እናውቃለን? የእነርሱ ተራ የወደቀው ክፍል በሚማሩበት ሰዓት ወይስ ኳሱ በማይታይበት ምሽት ነው? ወንዶቹ ሰዓታቸው ሲያልፍ ሜዳውን ይለቃሉ ወይስ «አንዲት ዙር ብቻ» እያሉ ግማሹን ሰዓት ይበሉባቸዋል? ይህን ማስተካከል ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ ወረቀትና ጥቂት ሐቀኝነት ይበቃል። የተማሪዎች ማኅበራችን ከወቅቱ በፊት ድልድሉን ቢመረምር፥ እኛም በግጥሚያው ቀን ከምናሰማው ጭብጨባ ጥቂቱን በልምምዱ ቀን ሄደን ብናሰማ፥ እኅቶቻችን ሲሮጡ ሳይሆን አስቀድመው ታጥቀው ይወጣሉ።